አዲስ ሕግ አርቃቂዎች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በፍትሕ ማሻሻያ ሥራ ላይ የሚሰማራ ወጣት የሕግ ባለሙያ ጉልበቱን ሁሉ በመብትና በግዴታ አንቀጾች ላይ ይጨርሳል። መጨረሻዎቹ አንቀጾች ላይ ሲደርስ ከቀድሞ አዋጅ ገልብጦ ይዘጋል። ብዙ ማሻሻያ የሚበላሸው እዚያ ነው።

ከሁሉ የከፋው የመሻሪያ አንቀጹ፣ ማለትም የቀድሞ ሕጎችን የሚሽረው አንቀጽ ነው። «ከዚህ አዋጅ ጋር የሚቃረን ማንኛውም አዋጅ፣ ደንብ፣ መመሪያ ወይም የአሠራር ልምድ ተፈጻሚነት አይኖረውም» ብቻ ብሎ ማለፍ የአርቃቂውን ሥራ ለዳኛ መተው ነው። የትኛው አንቀጽ ነው የሚቃረነው? ዐቃቤ ሕጉ አንዱን ይላል፣ ጠበቃው ሌላውን፤ ሁለት ችሎቶች በተመሳሳይ ጉዳይ የተለያየ ውሳኔ ይሰጣሉ፤ ነገሩ እስኪለይ የሚጉላላው ባለጉዳዩ ነው። እባካችሁ፣ ገና ከጅምሩ በጉዳዩ ላይ የወጡትን አዋጆች ከነማሻሻያዎቻቸው ከነጋሪት ጋዜጣ አውጡና ሰንጠረዥ ሥሩ። በእያንዳንዱ አንቀጽ ፊት «ይሻራል»፣ «ይሻሻላል»፣ «ይቀጥላል» ብላችሁ ጻፉ። የሚሻረውን በቁጥሩ ጥሩት፤ ጥቅሉ ሐረግ ካስፈለገ ከዚያ በኋላ ይምጣ። የንግድ ሕጉን ተመልከቱ፤ አዋጅ ቁጥር 1243/2013 ሲወጣ የ1952ቱ ሕግ ሙሉ በሙሉ አልተሻረም። የማጓጓዝና የኢንሹራንስ፣ የሚተላለፉ የገንዘብ ሰነዶችና የባንክ ሥራ ክፍሎቹ ቀጥለዋል። ይህን በጥቅል ሐረግ መለየት አይቻልም።

ከቀድሞው ሕግ ወደ አዲሱ ሲታለፍ የተጀመሩ ጉዳዮች ምን እንደሚሆኑ የሚወስነው የመሸጋገሪያ ድንጋጌም እንዲሁ ይረሳል። አዲሱ ሕግ ለተከሳሹ ወይም ለተቀጣው ሰው የሚጠቅም ከሆነ ተፈጻሚ እንደሚሆን የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 22 ይናገራል። የተጀመረው መዝገብ በየትኛው ችሎት እንደሚቀጥል፣ የቀድሞው ፈቃድ እስከ መቼ እንደሚጸና ግን መጻፍ ያለበት አርቃቂው ነው።

የሚጸናበትን ጊዜ በልማድ «ታትሞ ከወጣበት ቀን ጀምሮ» አትበሉ። አስፈጻሚው መሥሪያ ቤት ቅጽ ካላዘጋጀ፣ ሠራተኛ ካላሠለጠነ ቀኑን ግፉት። የወንጀል ሕጉ በአዋጅ ቁጥር 414/1996 ወጥቶ ሥራ ላይ የዋለው ግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ነው።

«ዝርዝሩ በመመሪያ ይወሰናል» ስትሉ የምትሰጡት ሥልጣን ነውና ወሰኑን አብጁለት። የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621/2001 አስተዳደራዊ ወጪ ከ30 በመቶ እንዳይበልጥ ደነገገ። ትርጉሙ ልቅ ስለነበር የትኛው ወጪ አስተዳደራዊ እንደሚባል የወሰነው መመሪያው ሆነ፤ የፕሮጀክቱ ሥራ ራሱ የሆኑ ወጪዎች እንደ አስተዳደር ወጪ ተቆጠሩና ድርጅቶች መተንፈሻ አጡ። የተካው አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ጣሪያውን 20 በመቶ አድርጎ ምን ምን እንደሚቆጠር እዚያው ዘረዘረ። በፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 መሠረት መመሪያ ሲወጣ ሕዝብ አስተያየት ሊሰጥበት፣ ፍትሕ ሚኒስቴርም ሊመዘግበው እንደሚገባም አትዘንጉ፤ ይህ ጊዜ ይወስዳል።

የቅጣት አንቀጽ ላይ ድርጊቱን፣ የሐሳብ ሁኔታውን (ሆን ተብሎ ወይስ በቸልተኝነት መፈጸሙን)፣ የቅጣቱን መነሻና ጣሪያ ጻፉ። ፍርድ ቤት በማመሳሰል ወንጀል መፍጠር ስለማይችል የተዘለለው ሁሉ ሳይቀጣ ያልፋል።

በእንግሊዝኛ አርቅቆ በመጨረሻው ሳምንት ወደ አማርኛ መመለስም ይቅር። በፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ ማቋቋሚያ አዋጅ ቁጥር 3/1987 መሠረት የበላይነት ያለው አማርኛው ነው።

ሕጉ ለምን እንዳስፈለገ የሚያብራራውን ሰነድ፣ ሐተታ ዘምክንያቱን ደግሞ ከረቂቁ ጋር ጎን ለጎን ጻፉት። አንድን አንቀጽ ለምን እንዳስፈለገ በሦስት መስመር ማስረዳት ካቃታችሁ አንቀጹን አውጡት።