የጫጉላ ሽርሽር በጣሊያን፦ ባቡር የት፣ መኪና የት?

ፓሪስን፣ አምስተርዳምን፣ ባርሴሎናንና ሮምን በ10 ቀን ለማዳረስ የሚነሡ ሙሽሮች አሉ። ጊዜያቸው ሻንጣ በመክፈትና በመዝጋት ያልቃል። እኔ የምመክረው አንድ አገር መርጣችሁ እንድትጠግቡት ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ሮም ስለሚበር ለምሳሌ ጣሊያንን እንውሰድ፦ 3 አዳር ሮም፣ 2 ፍሎረንስ፣ 3 ፍሎረንስ ባለችበት በቶስካና ክልል ገጠር፣ 2 ቬኒስ። በባቡር ወይስ በመኪና የሚለውን ለጉዞው በሙሉ በአንድ ቃል አትመልሱት። እያንዳንዱ አዳር የት እንደሆነ ስታውቁ መልሱ አብሮ ይመጣል።

1. ቪዛውን ከሠርግ አዳራሹ ጋር እኩል ጀምሩ

ጣሊያንን ጨምሮ ለብዙ የአውሮፓ አገሮች በጋራ የሚያገለግለውን የሼንገን ቪዛ ከጉዞው 6 ወር አስቀድሞ ማመልከት ይቻላል። የአውሮፓ ኅብረት በሚያዝያ 2024 እ.ኤ.አ. ባሳለፈው ውሳኔ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ለያዘ አመልካች ማመልከቻው የሚታይበት የተለመደው የ15 ቀን ጊዜ ወደ 45 ቀን ረዝሟል፤ ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛ መስጠትም ቀርቷል። ስለዚህ ከሮም ተነሥቶ ከሼንገን ውጭ ያለችው ለንደን ደርሶ እንደገና ጣሊያን መግባትን በዕቅዳችሁ አታስገቡ። የምታመለክቱት ብዙ አዳር ለምታሳልፉበት አገር ነው። ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ሕክምና ዋስትናም ይጠየቃል።

በረራውን ከሠርጉ ማግስት አታድርጉት። መልሱና ቅልቅሉ አልፎ፣ እንቅልፍ ጠግባችሁ ብትነሡ ይሻላል። በጥር ለሚያገቡ ደግሞ ቶስካና ያን ጊዜ ብርድ ነው፤ ከ11 ሰዓት በኋላ ብዙም ሳይቆይ ይመሻል። ከትንሣኤ በኋላ የሚያገቡ ኮረብታው ሁሉ ለምልሞ ይጠብቃቸዋል።

2. ከከተማ ወደ ከተማ በባቡር

ከሮም ቴርሚኒ ጣቢያ እስከ ፍሎረንስ በፈጣን ባቡር አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። በመኪና ከ270 ኪሎ ሜትር በላይ ነድታችሁ፣ ሦስት ሰዓት ያህል ፈጅቶባችሁ፣ ከዚያ ደግሞ ማቆሚያ ፍለጋ ትዞራላችሁ። በባቡር ሁለታችሁም መስኮቱ አጠገብ ትቀመጣላችሁ፤ በመኪና ግን አንዱ መንገዱን ብቻ ያያል፣ ሌላው ካርታውን። ለጫጉላ ጉዞ ይህ ትልቅ ልዩነት ነው።

በፈጣኑ መስመር ፍሬቻሮሳና ኢታሎ የሚባሉ ባቡሮች ይወዳደራሉ፤ ዋጋቸው እንደ አውሮፕላን ትኬት ቀኑ በቀረበ ቁጥር ይወደዳል። በጣም ርካሹ ትኬት ግን አብዛኛውን ጊዜ ገንዘቡ አይመለስም፤ ስለዚህ ቪዛው እጃችሁ ሳይገባ አትግዙት። ሬጆናሌ የሚባለው ዘገምተኛ ባቡር ዋጋው አይለዋወጥም፤ የወረቀት ትኬቱን ግን ከመሳፈራችሁ በፊት ጣቢያው ውስጥ ባለው ማሽን አስመቱ፣ አለዚያ ያስቀጣል። ሰሌዳው ላይ «ቢናሪዮ» የሚለው የሐዲዱን ቁጥር፣ «ሪታርዶ» የሚለው መዘግየቱን ነው።

3. ለገጠሩ መኪና

የቶስካናዎቹ ፒዬንዛ፣ ሞንቴፑልቻኖ፣ የኦርቻ ሸለቆ፦ እዚህ መኪና ከሌለ ጉዞው ግማሽ ነው። ውበቱ ያለው መንደሮቹ መሃል ባለው መንገድ ላይ ነው፤ ጥዱ፣ የወይኑ እርሻ፣ ደስ ያላችሁ ቦታ ላይ ጠርዝ ይዞ መቆም። ሦስት ቀን በቂ ነው።

ከመከራየታችሁ በፊት የሚያስፈልጉትን አሟሉ። ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የተሰጠ መንጃ ፈቃድ ለያዘ ሰው ጣሊያን ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድ ትጠይቃለች። ለመያዣ የሚሆነው በሹፌሩ ስም የወጣ ክሬዲት ካርድ ነው፤ ብዙ አከራዮች ዴቢት ካርድም ሆነ አስቀድሞ ገንዘብ የተሞላበት ካርድ አይቀበሉም። ካርዱ ከሌላችሁ መኪናውን ትታችሁ እዚያው ቶስካና ባለችው ሲዬና ከተማ እደሩ፤ ከፍሎረንስ በሬጆናሌ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ነው። አውቶማቲክ ከፈለጋችሁ ስትይዙ ለይታችሁ ጠይቁ፤ አለዚያ ፍሪሲዮን ያለው ይሰጣችኋል። ነዳጅ ስትቀዱም ተጠንቀቁ፦ እኛ ከጣሊያኖች ወስደን «ናፍጣ» የምንለው ዛሬ በእነሱ ማደያ «ጋዞሊዮ» ተብሎ ነው የተጻፈው።

አሁን ደግሞ እኔና ባለቤቴን ያገኘን ነገር። ፍሎረንስ መሃል ሆቴል ፍለጋ አንድ ጠባብ መንገድ ሁለት ጊዜ ዞርን። ማንም አላስቆመንም። አገር ቤት ከተመለስን ከወራት በኋላ ሁለት ቅጣት መጣ፤ አከራዩም ስማችንን ለፖሊስ ስላሳወቀ የራሱን ክፍያ ጨመረበት። «ዞና ትራፊኮ ሊሚታቶ» የሚባለው ክልል ነበር፤ ነዋሪና ፈቃድ ያለው ብቻ የሚገባበት፣ ካሜራ ታርጋ የሚያነሣበት። ምልክቱ ዙሪያው ቀይ የሆነ ነጭ ክብ ነው። በብዙ የጣሊያን አሮጌ ከተሞች አለ።

ስለዚህ መኪናውን መሃል ከተማ አትረከቡ። ከፍሎረንስ ዋና ጣቢያ አጠገብ ቲ2 የሚባለው ትራም 20 ደቂቃ ያህል ውስጥ አየር ማረፊያው ያደርሳችኋል፤ እዚያ ተረከቡ፣ እዚያው መልሱ። ሌላ ከተማ መመለስ ተጨማሪ ያስከፍላል፣ ሌላ አገር ከሆነ ደግሞ በጣም ይወደዳል። ሒሳቡን ስታነጻጽሩም የኪራዩን ዋጋ ብቻ አትዩ፤ የፍጥነት መንገድ ክፍያ፣ ማቆሚያና ነዳጅ ይደመሩበታል።

4. ቬኒስ

ቬኒስ መኪና አይገባም፤ መንገዱ ፒያሳሌ ሮማ ላይ ያበቃል። ከፍሎረንስ በባቡር ሁለት ሰዓት ከሩብ ያህል ነው። ሜስትሬ ላይ እንዳትወርዱ፤ እሱ ከባሕሩ ወዲህ ያለው ከተማ ነው። ሳንታ ሉቺያ እስኪደርስ ጠብቁ። ድልድዮቹ ደረጃ ስለሆኑ ሻንጣው ቀላል ይሁን። ከጣቢያው በር ስትወጡ ከደረጃው ሥር ታላቁ ቦይ ነው፤ 1 ቁጥር ጀልባ ቀስ ብሎ ከዳር እስከ ዳር ይወስዳችኋል። ከተቻለ ሲመሻሽ ተሳፈሩና ውጭ ተቀመጡ።