ወረዳውና እድሩ ተባብረው የሰፈሩን ችግረኛ እንዴት ሥራ ማስያዝ ይችላሉ?

"የባለድርሻ አካላት ቅንጅት" የሚባለውን ሁላችንም ለምደነዋል። ውሃ ይታደላል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ሰው ይበተናል። የእድር ኮሚቴ ውስጥ ካላችሁ ወይም በአካባቢ በጎ አድራጎት ድርጅት የምትሠሩ ከሆነ፣ ከዚህ የተሻለ ማድረግ ይቻላል።

መጀመሪያ ጊዜውን ያዙ። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል። መስከረም ላይ ሄዳችሁ "አብረን እንሥራ" ብትሉ መልሱ የታወቀ ነው፦ በጀት አልተያዘም። ዕቅድ ሳይዘጋ፣ ሚያዝያ ላይ ግቡ።

ቀጥሎ ሰዎችን ለስብሰባ ጥሩ። ከወረዳው፣ ከእድሮች፣ ከብድርና ቁጠባ ተቋም፣ ከነጋዴዎችም አንድ ሁለት። ጥቂት ይሁኑ፣ ግን መወሰን የሚችሉ። "ለኃላፊዬ አሳውቃለሁ" የሚል ተወካይ ብቻ ከመጣ ቀጠሮውን ብታራዝሙት ይሻላል።

አሁን ዋናው ነገር፣ ተጠቃሚውን መለየት። የከተማ ሴፍቲኔት (ለችግረኛ ቤተሰቦች ሥራ ሰጥቶ የሚከፍለው የመንግሥት ፕሮግራም) በ2009 ዓ.ም. በ11 ከተሞች ሲጀመር ነዋሪው በምልመላው እንዲሳተፍ፣ ዝርዝሩ ለሕዝብ ይፋ እንዲሆንና ቅሬታ እንዲሰማ ታስቦ ነበር። ይህንኑ ውሰዱ። የእድር ዳኛ ወርሃዊ መዋጮ ማን እንዳቋረጠ ያውቃል፤ ማቋረጥ ደግሞ ብዙ ጊዜ የቤት ችግር ምልክት ነው። (ምክንያቱን ግን በስብሰባ ፊት አታንብቡት፣ ሰው ያፍራል።) በጣም የቸገረው ግን እድር ውስጥ ጭራሽ ላይኖር ይችላል። ተከራይ፣ ከገጠር ገና የመጣ፣ የቀን ሠራተኛ ዝርዝሩ ላይ አይገኝም። ቤት ለቤት መዞር ግድ ነው። ዝርዝሩን ቢያንስ አንድ ሳምንት ለጥፋችሁ አቆዩት። የኮሚቴ ዘመድ ከገባበት ሰፈሩ ይነግራችኋል።

ከዚያ ሥራው። ለሴቶች እንጀራ መጋገሪያ ሼድ መስጠት የተለመደ ነው። ሼዱ ይመረቃል፣ መብራቱ ይቀራል። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ይስባል። አሥር ምጣድ ስታሰልፉ የተራ ቤት መስመር አይችለውም። ስለዚህ መብራት ኃይል ሼዱ ሳይሠራ በፊት ስብሰባው ላይ ይቀመጥ። ገዢም አስቀድማችሁ ፈልጉ። ሆቴል፣ የሠራተኞች ካፌ፣ የትምህርት ቤት ምገባ፣ ማንም ይሁን "በቀን ይህን ያህል እወስዳለሁ" ብሎ ይፈርም። ብድሩ ከዚህ በኋላ ይምጣ። ገበያ ሳይኖር የተሰጠ ብድር ለጤፍ መግዣ ሳይሆን ለቤት ኪራይ ይውላል፤ እዳው ግን አይቀርም።

ቁጠባም ከመጀመሪያው ወር ይጀመር። ሴፍቲኔቱ ከክፍያው 20 በመቶ እንዲቆጠብ ያደርግ ነበር። ማሽን ሲበላሽ የሚያድነው ቁጠባው ነው።

የሥራ ክፍፍሉን አንድ ገጽ ላይ ጻፉት፦ የተቋሙ ስም፣ የሚሠራው፣ የሚያደርስበት ቀን። ማኅተም ይደረግበት።

በየሦስት ወሩ ተሰብሰቡ፣ አዳራሽ ሳይሆን ሼዱ ውስጥ። ቃለ ጉባኤው አጭር ይሁን፦ ማን ያለውን አላደረሰም? ቆጣሪው ገባ? ብድሩ መመለስ ጀመረ?