ፎልደር ሲንቀራፈፍ «ፎርማት አድርግልኝ» አትበሉ

ባለፈው ወር አንድ የሰርግ ፎቶ አንሺ ላፕቶፑን ታቅፎ መጣ። «ወንድሜ፣ አርጅቷል መሰለኝ፣ ስታክ እያደረገ አስቸገረኝ። ፎርማት አድርግልኝ» አለኝ። ፎልደሩን ከፈትኩት። ከላይ ያለችው አረንጓዴ መስመር ትሳባለች፣ ትሳባለች፣ አትደርስም። ውስጡ ከ40,000 በላይ ፎቶ አለ። የስንት ሰርግ ፎቶ አንድ ላይ!

እባካችሁ፣ በዚህ ምክንያት ፎርማት አታስደርጉ። ላፕቶፑ ጤነኛ ነው። የፋይሉ ስም፣ መጠኑና የተሻሻለበት ቀን በፎልደሩ ማውጫ ላይ ስለተመዘገቡ ዊንዶውስ ቶሎ ያነባቸዋል። ፎቶው የተነሳበት ቀን ግን የተጻፈው ፎቶው ውስጥ ነው። «በዴት ቴክን ደርድርልኝ» ስትሉት እያንዳንዱን ፋይል ከፍቶ ማየት አለበት። የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ አንድ ፋይል ጋ ለመድረስ ወደ 10 ሚሊ ሰከንድ ይፈጅበታል። በ40,000 አባዙት፤ 400 ሰከንድ፣ ማለትም ወደ 7 ደቂቃ ይመጣል። ትንንሾቹን ምስሎች ለማሳየት የሚወስደው ጊዜ ደግሞ ለብቻው ነው።

መፍትሔው አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ፎልደሩ ላይ ራይት ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ፣ ከስተማይዝ፣ ከዚያ «ጀነራል አይተምስ» ምረጡ። እይታውን ዲቴይልስ አድርጉት፤ በስም ደርድሩት። በቃ።

እኔም ስጀምር የአንዲት ደንበኛዬን ኮምፒውተር በዚሁ ምክንያት ፎርማት አድርጌያለሁ። ግማሽ ቀን ለፋሁ። ፎቶዎቹን መልሼ ስከፍት ያችው አረንጓዴ መስመር ጠበቀችኝ። ያስከፈልኳት ገንዘብ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ራም መጨመርም ለዚህ ብዙ አይረዳም። ገንዘብ ካላችሁ ኤስኤስዲ ግዙ፤ የሚሽከረከር ነገር የሌለው ፈጣን ዲስክ ነው።

አንቲ ቫይረሱን አጥፍቶ «ፈጠነልኝ» የሚልም አለ። የሰው ፍላሽ ቀኑን ሙሉ የሚሰካበት ስቱዲዮ ውስጥ ይህን አታድርጉ።

ፍላሽ ካነሳን አይቀር፣ በፋት 32 (ፍላሽ ፎርማት ሲደረግ ከሚመረጡት የፋይል አደረጃጀቶች አንዱ ነው) የተዘጋጀ ፍላሽ አንድ ፎልደር ውስጥ ከ65,534 በላይ መዝገብ አይቀበልም። ረጅም ስም ያለው ፋይል ብዙ መዝገብ ስለሚይዝ ደግሞ ከዚያ በጣም ቀድሞ ይሞላል። ባዶ ቦታ እያለው «አልገባም» ሲላችሁ ፍላሹ ተበላሸ ብላችሁ አትጣሉት። ፎቶዎቹን በተለያዩ ፎልደሮች ከፋፍላችሁ ሞክሩ።

ከመንቀራፈፉ የሚብሰው ግን ሌላ ነው። ብዙ ካሜራዎች እስከ 9999 ቆጥረው እንደገና ከ0001 ይጀምራሉ። ሁሉን አንድ ፎልደር ውስጥ የሚከት ሰው አንድ ቀን ተመሳሳይ ስም ይገጥመዋል። ቸኩሎ «ሪፕሌስ» ይላል። የአንዷ ሙሽራ ፎቶ በሌላዋ ተተካ ማለት ነው። ይህን ጉድ ይዞ የመጣ ልጅ አይቻለሁ፤ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ለእያንዳንዱ ሰርግ የራሱን ፎልደር ክፈቱ። በዓመተ ምሕረቱ ጀምራችሁ የሙሽሮቹን ስም ጨምሩበት።

ስትከፋፍሉ ደግሞ ኮፒ አድርጋችሁ አታጥፉ፤ ካት አድርጉ። በዚያው ድራይቭ ውስጥ እስከሆነ ድረስ ፎቶው ራሱ ከቦታው አይነቃነቅም፤ የሚቀየረው ማውጫው ላይ ያለው መዝገብ ብቻ ነው። ያን 40,000 ፎቶ ከባለቤቱ ጋር ሆነን በየሰርጉ የለየነው እንዲህ ነው። ብዙውን ሰዓት የወሰደብን የሙሽሮቹን ስም ማስታወሱ ነበር።