የቤት መኪናን የፊት መብራት ማጠንከር፦ ከፊት የሚመጣውን ሳናሳውር

ከአዳማ ወደ ወለንጪቲ ማታ የነዳ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። የጅቡቲ መስመር ከባድ መኪናዎች ተከታትለው ይመጣሉ። ከጎን ምንም መብራት የሌለው የአህያ ጋሪ ብቅ ይላል። የእናንተ ቪትዝ መብራት ደግሞ እንደ ሻማ ፈዟል። ወደ አዲስ አበባ በፈጣን መንገዱ ሲሆን ያን ያህል አይታወቅም፤ መንገዱ ታጥሯል፣ ተቃራኒው መስመርም ለብቻው ነው። ጉዱ የሚታየው በሌላው መንገድ ነው።

ያኔ ወደ መለዋወጫ ሱቅ መሄድ ይመጣል። ሻጩም "ጋሼ፣ ይሄ ሌሊቱን ቀን ያደርገዋል" ይላል። ያደርገው ይሆናል። ግን ብርሃኑ አስፋልቱን ትቶ የሌላው ሹፌር ዓይን ውስጥ ከገባ ምን ጥቅም አለው? ስለዚህ ሥራውን ከአምፖሉ አትጀምሩ።

ገንዘብ ከማውጣት በፊት

መጀመሪያ የመብራቱን ሽፋን እዩ። ቅርብ ጊዜ በተሠሩ መኪናዎች ላይ ሽፋኑ ፕላስቲክ ነው። ፀሐይ ያቢጨዋል፣ የአዳማ ነፋስ ያመጣው አቧራ ደግሞ ይቧጭረዋል። በቢጫ ሽፋን ውስጥ ውድ አምፖል ማስገባት ብርሃኑን ከመበተን በቀር ብዙ አይጠቅምም።

ማጽዳቱ ከባድ አይደለም። ዙሪያውን ቀለሙ እንዳይላጥ በወረቀት ፕላስተር ሸፍኑ። በውሃ እያረጠባችሁ መጀመሪያ በ800፣ ቀጥሎ በ1000፣ ከዚያ በ2000 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ፈትጉት። መጀመሪያ ላይ ጭራሽ ነጭ ሆኖ ይደበዝዛል። አትደንግጡ፤ በፖሊሽ ሲታሽ ይጠራል። መጨረሻ ላይ ከፀሐይ የሚከላከል ግልጽ ቀለም ይቀባል። ይህን ከዘለላችሁ ተመልሶ ይቢጫል። በጥርስ ሳሙና የሚያሹ አሉ። ለጊዜው ያበራል፣ ግን አይቆይም።

ሁለተኛው ሽቦው ነው። ሞተሩን አስነሱ፣ መብራቱን አብሩ፣ በቴስተር ባትሪው ላይ ለኩ። ጤነኛ ከሆነ 14 ቮልት ገደማ ያሳያል። አሁን አምፖሉ የተሰካበት ሶኬት ላይ ለኩ። እዚያ ከ12.5 በታች ከወረደ ችግሩ የአምፖሉ ሳይሆን የመስመሩ ነው። ቮልቴጁ በ10 በመቶ ሲወርድ የተለመደው ሃሎጅን አምፖል ከብርሃኑ ሲሶውን ገደማ ያጣል። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ከቦዲው ጋር የታሰረው የዛገ ኔጌቲቭ ሽቦ ነው። ፍቱት፣ ፈትጉት፣ አጥብቃችሁ እሰሩት። በዚህ ብቻ ጉዳያቸው ያለቀላቸው መኪናዎች ብዙ ናቸው።

ምን ይገዛ?

የአምፖሉ ዓይነት መቀመጫው ላይ ተጽፏል። በብዙ ቪትዝና በድሮ ኮሮላዎች ላይ ኤች4 ነው፤ ረጅሙም አጭሩም መብራት በአንድ አምፖል ማለት ነው። ያም ሆኖ ሳታነቡ አትግዙ።

እኔን ብትጠይቁኝ ለቤት መኪና የመጀመሪያው ምርጫ ጥሩ ስም ያለው ሃሎጅን፣ በዚያው በ60/55 ዋት ነው። ባለ 100 ዋቱን ተዉት። 60 ዋት የሚስበው 5 አምፔር ገደማ ነው፤ 100 ዋት ከ8 በላይ ይስባል። ሽቦውና ሶኬቱ ለዚያ አልተሠሩም። ሶኬት የሚቀልጠው እንዲህ ነው። የግድ ከፈለጋችሁ ከባትሪው በቀጥታ በፊውዝና በሪሌ (በትንሽ ኃይል ትልቁን መስመር የሚከፍትና የሚዘጋ ማብሪያ) የሚመጣ ወፍራም መስመር ይዘርጋ፤ ይህን ደግሞ ለመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ ስጡት።

ኤልኢዲ ከመረጣችሁ ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ሉመን (የብርሃን መጠን መለኪያ) እርሱት። የሚታየው ሌላ ነው። መብራት የሚሰጡት ቺፖች ልክ የሃሎጅኑ የሚያበራው ሽቦ በነበረበት ቦታ መቀመጥ አለባቸው። ለኤች4 ከሆነ ደግሞ ከአጭሩ መብራት ቺፕ ስር ትንሽ የብረት መከለያ ፈልጉ። መከለያ የሌለው ብርሃኑን ወደ ላይ ይረጨዋል። ሰማያዊ የሚለውን ቀለም አልመክርም። ያምራል፣ ግን ከፊት የሚመጣውን ዓይን ይወጋል። ሁልጊዜ ሁለቱን በአንድ ላይ ቀይሩ።

መግጠም

1. መብራቱንም ሞተሩንም አጥፉ። ሲበራ የቆየ ሃሎጅን ያቃጥላል፣ እስኪበርድ ጠብቁ።
2. ኮፈኑን ክፈቱ። ከመብራቱ ጀርባ ባለ ሦስት እግር ሶኬቱን ሽቦውን ሳትጎትቱ ንቀሉ። ከዚያ የጎማ ክዳኑን አውጡ።
3. አምፖሉን የያዘውን የሽቦ ስፕሪንግ ተጭናችሁ አላቁ፣ አሮጌውን ሳቡ።
4. አዲሱን አስገቡ። ኤች4 ሦስት ጥርስ አለው፤ ሰፊው ወደ ላይ ነው። ካልገባ አትታገሉት፣ አዙራችሁታል ማለት ነው። የሃሎጅንን ብርጭቆ በባዶ እጅ አትንኩ፤ የእጅ ቅባት ሲግል ዕድሜውን ያሳጥረዋል።
5. ኤልኢዲ ከሆነ ቺፖቹ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ጎን ማየታቸውን አረጋግጡ፣ ወደ ላይና ወደ ታች አይደለም።
6. ስፕሪንጉን፣ ክዳኑን፣ ሶኬቱን መልሱ።

የጎማ ክዳኑን ጥሎ መሄድ የተለመደ ነው፣ በተለይ የኤልኢዲው ማራገቢያ አላስገባ ሲል። ክዳን ከሌለ አቧራና እርጥበት ይገባል፣ ውስጡ ያለው መስታወትም ይበላሻል። የማይዘጋ ከሆነ አጠር ያለ አምፖል ይፈለግ።

ማስተካከል፦ ዋናው ሥራ

ብዙ ጋራዥ አምፖሉን ቀይሮ "ጨርሻለሁ" ይላል። ገና ነው።

ጎማዎቹን እኩል ንፉ። ሜዳ ቦታና ግድግዳ ፈልጉ። የመብራት ከፍታ ማስተካከያ ቁልፍ ካለ 0 ላይ ይሁን። መኪናውን ግድግዳው አጠገብ አቁሙና የእያንዳንዱን መብራት መሃል በወረቀት ፕላስተር ግድግዳው ላይ ምልክት አድርጉ። ከዚያ ቀጥ ብላችሁ 5 ሜትር ወደ ኋላ ሂዱ። ሹፌር ቦታ ላይ ሰው ይቀመጥ፤ የመኪናው ቁመት በሰው ክብደት ይለወጣል።

ሲመሽ አጭሩን መብራት አብሩ። ብርሃኑ የሚቆረጥበት መስመር ይታያል። አግድም የሆነው ክፍል ከምልክቱ 5 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ማለት አለበት፤ በአንድ ሜትር አንድ ሴንቲ ሜትር ማለት ነው። አንዱን ስታስተካክሉ ሌላውን ለአፍታ ከልሉት። ከመብራቱ ጀርባ ያለውን ብሎን በካቻቢቴ በትንሽ በትንሹ አዙሩ።

እዚሁ አንድ ነገር ተመልከቱ። መስመሩ ከፍ የሚለው ወደ ቀኝ ነው ወይስ ወደ ግራ? እኛ የምንነዳው በቀኝ ነው፣ ስለዚህ ወደ ቀኝ ዳር ከፍ ማለት አለበት። ጃፓን በግራ ይነዳል። ለጃፓን ገበያ ተሠርቶ በኋላ መሪው የተዞረ መኪና ከሆነ መብራቱ ወደ ግራ፣ በቀጥታ ወደሚመጣው ሹፌር ከፍ ይላል። ይህን አምፖልም ብሎንም አያስተካክለውም። ሙሉ የመብራት ቤቱ በቀኝ ለሚነዳ አገር በተሠራ መቀየር አለበት። በእንዲህ ያለ መኪና ላይ ኤልኢዲ መጨመር ጥፋቱን ማባባስ ነው።

ከዚያ ወጣ ብላችሁ ሞክሩት። አጭር መብራት ላይ ሆናችሁ ከፊት የሚመጡት ደጋግመው ብልጭ ካደረጉላችሁ ከፍ ብሏል፣ ወደ ግድግዳው ተመለሱ። ቤተሰብና ዕቃ ከኋላ ሲጫን የመኪናው አፍንጫ ቀና ይላል። ዳሽቦርዱ ላይ ከ0 እስከ 3 ወይም 5 የተጻፈበት ቁልፍ የተሠራው ለዚህ ነው፤ ጭነት ሲበዛ ቁጥሩን ጨምሩ፣ ስታራግፉ ወደ 0 መልሱት።