አንድ ሶፍትዌር ለብዙ ደንበኛ ስትሸጡ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ለአንድ ትምህርት ቤት የሠራችሁት ሲስተም ይወደዳል። ጎረቤት ያለው ትምህርት ቤት ይሰማና "ለእኛም ይሁን፤ ግን ክፍያችን በወር ሳይሆን በተርም ነው" ይላል። ፎልደሩ ኮፒ ይደረጋል፣ ሎጎው ይቀየራል፣ ርክክብ ይፈጸማል። ሦስተኛውም አራተኛውም እንዲሁ።

ይህን ማየት ሰልችቶኛል። ለእያንዳንዱ ደንበኛ ኮድ ገልብጦ መስጠት፣ የተሠራን ኮድ መልሶ መጠቀም አይደለም። አራት ሶፍትዌር ለመጠገን መፈረም ነው። አንድ ቡድን ላግዝ ስገባ የቅጣት ስሌቱ የተሳሳተ ነበር። በአንዱ ቅጂ ላይ ከተስተካከለ ከርሟል፤ ሌሎቹን ማንም አልነካቸውም። ወላጆች በየጊዜው ከካሸሯ ጋር ይጨቃጨቃሉ። ማስተካከያውን ወደ ሌሎቹ እንውሰድ ስንል ፋይሉ በአንዱ ስሙ ተቀይሯል፣ በሌላው ለሁለት ተከፍሏል። የትኛው ደንበኛ የትኛውን ቅጂ እንደሚጠቀም የሚያውቀው ልጅ ሥራ ለቋል። ልጆቹ እኮ ጎበዞች ናቸው! ጉብዝናቸው ሁሉ የሚያልቀው አንድን ባግ (የኮድ ስህተት) ደጋግሞ በማሳደድ ነበር።

የጋራው ኮድ አንድ ቦታ ይቀመጥ። ልዩነቶቹን ዘርዝሩ፦ የክፍያ ጊዜ፣ የውጤት ካርድ፣ የቀን አቆጣጠር። እነሱን ብቻ ወደ ሴቲንግ ወይም ራሱን ወደቻለ ሞጁል (የኮድ ክፍል) አውጡ።

ኮድ ውስጥ "ደንበኛው እገሌ ከሆነ" ብላችሁ አትጻፉ። "ክፍያው በተርም ከሆነ" በሉ።

የድሮ ኮድ ስትወስዱ ምን ታስቦ እንደተጻፈ ጠይቁ። አሪያን 5 የተባለው የአውሮፓ የጠፈር ሮኬት እ.ኤ.አ. ጁን 4 ቀን 1996 በመጀመሪያ በረራው የወደመው ይህ በሚገባ ባለመጠየቁ ነው። አቅጣጫ የሚለካው ሶፍትዌር ከቀድሞው ሮኬት፣ ከአሪያን 4፣ የተወሰደ ነበር። አዲሱ ሮኬት ወደ ጎን የሚጓዝበት ፍጥነት ከቀድሞው በለጠ፤ ቁጥሩ በተመደበለት የ16 ቢት ቦታ ውስጥ አልገባ አለ። መጠባበቂያው ኮምፒውተርም ያንኑ ሶፍትዌር ስለሚጠቀም አላዳነም። የሚያንገበግበው ደግሞ፣ የከሸፈው ስሌት ለአሪያን 5 ከተነሳ በኋላ ምንም አይጠቅመውም ነበር። እኛም ዓመት 12 ወር ነው ብሎ የተጻፈ ሞጁል አምጥተን ጳጉሜን ስትደርስ ሪፖርቱ ይበላሽብናል።

ደንበኛ በጠየቀ ቁጥር ማብሪያ ማጥፊያ (አንድን አሠራር የሚያበራና የሚያጠፋ ሴቲንግ) አትጨምሩ። እያንዳንዱ የቅንጅቱን ብዛት እጥፍ ስለሚያደርገው፣ 10 ማብሪያ ማጥፊያ 1,024 ዓይነት ሶፍትዌር ይወልዳል። ማን ቴስት ያደርገዋል? የማትሸጡትን ቅንጅት ሲስተሙ ራሱ ይከልክል፤ የምትሸጡትን በሙሉ ፈትሹ።

አንድም ደንበኛ ሳይኖር "ለሁሉም የሚሆን" መሠረት ለመገንባት አትነሱ። ሁለት ሦስት ደንበኛ ካያችሁ በኋላ ምኑ የጋራ እንደሆነ ራሱ ይታያችኋል።

የጋራው ኮድ ባለቤት ይኑረው። ሁሉም እየነካው ማንም የማይጠየቅበት ከሆነ፣ አንዱ ለራሱ ደንበኛ ሲያስተካክል የሌላው ይሰበራል። ያኔ ዴቨሎፐሩ ተማርሮ ፎልደሩን እንደገና ኮፒ ያደርጋል።