ሲቪና ደብዳቤ በስልክ ስታስተካክሉ

ኮምፒውተር የሌለው ሰው ሲቪውን የት ያስተካክል? ድሮ ወደ ኢንተርኔት ካፌ ነበር የሚኬደው። አሁን ስልካችሁ ይበቃል። ፋይል የሚበላሽባቸውን ሁለት ሦስት ቦታዎች ካወቃችሁ ሌላው ቀላል ነው።

አንደኛው ቴሌግራም ነው። አብዛኛው ፋይል የሚደርሰን በሱ ስለሆነ ቻቱ ላይ ነክተን እንከፍተዋለን፣ እናስተካክላለን፣ ሴቭ እናደርጋለን፣ ከዚያ ተመልሰን ያንኑ ፋይል ለቀጣሪው ፎርዋርድ እናደርጋለን። እንዲህ እንዳታደርጉ። ቻቱ ላይ ያለው የቅድሙ ፋይል ነው፤ ያስተካከላችሁት ሌላ ቦታ ነው የተቀመጠው። እኔ አንድ ጊዜ በዚህ መንገድ የድሮ ስልክ ቁጥሬ ያለበትን ሲቪ ልኬያለሁ። ያወቅሁት ከሳምንት በኋላ ነው፣ እስካሁን ይቆጨኛል።

ስለዚህ መጀመሪያ ፋይሉን ከቴሌግራም አውጥታችሁ ዳውንሎድ ውስጥ አስቀምጡት። ኮፒ አድርጉና ኮፒውን ስማችሁንና ቀኑን ጽፋችሁ ሰይሙት። ጎግል ዶክስ ሳትጠይቁት ራሱ ሴቭ ስለሚያደርግ ኮፒ ሳትይዙ ከነካካችሁ ዋናው አብሮ ይቀየራል። ስትጨርሱም ከቻቱ ሳይሆን ካስተካከላችሁበት አፕ ውስጥ ሼር ብላችሁ ላኩት።

የትኛው አፕ ይሻላል? በወርድ የተሠራና ሠንጠረዥ ያለው ፋይል ከሆነ በወርድ ክፈቱት። በማይክሮሶፍት አካውንት ከገባችሁ ስልክ ላይ መሠረታዊው ኤዲት ነፃ ነው። ከባዶ የምትጽፉትና ሌላ ሰው አብሮ የሚያየው ከሆነ ግን ጎግል ዶክስ ይቀላል።

ሲቪ ላይ 2015ን 2016 ለማድረግ ጣታችሁን ቁጥሩ ላይ እየጫናችሁ አትታገሉ። ኪቦርዳችሁ ጂቦርድ (የጎግሉ) ከሆነ ስፔሱ ላይ ጣታችሁን ወደ ግራና ቀኝ ስታንሸራትቱ ከርሰሩ፣ ማለትም የምትጽፉበትን ቦታ የሚያሳየው ሰረዝ፣ በየፊደሉ ይሄድላችኋል። አይፎን ላይ ስፔሱን ተጭናችሁ ትንሽ ቆዩና ጎትቱ። ይቺን ካወቅሁ ወዲህ ስልክ ላይ መጻፍ አልሰለቸኝም።

አሁን ወደ ዋናው ራስ ምታት፣ ወደ አማርኛ ፎንት። ዩኒኮድ፣ ማለትም ስልክና ኮምፒውተር ሁሉ የየአገሩን ፊደል የሚለዩበት የጋራ ሥርዓት፣ የኛን ፊደል ያስገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የነበሩ ፎንቶች ፊደላችንን በላቲን ፊደሎች ቦታ ነበር የሚያስቀምጡት። በነሱ የተጻፈ ደብዳቤ ዛሬም ከየቢሮው ይመጣል፣ ስልክ ላይ ስትከፍቱት የፈረንጅ ፊደልና ምልክት ተደበላልቆ ይታያችኋል። ፋይሉ ተበላሽቶ አይደለም፤ ስልኩ ያ ፎንት ስለሌለው ነው። እንዳትነካኩት። የላከውን ሰው በዩኒኮድ ፎንት የተጻፈውን ወይም ፒዲኤፉን እንዲልክላችሁ ጠይቁት።

ፊደሉ በትክክል ቢታይም ሌላ ነገር አለ። ቢሮ ውስጥ በኒያላ ፎንት የተጻፈ ደብዳቤ፣ ስልኩ ኒያላን ካላገኘ በራሱ ፎንት ይተካዋል። የስልኩ ፎንት ሰፋ ካለ መስመሮቹ ይገፋፉና አንድ ገጽ የነበረው ደብዳቤ ሁለት ይሆናል፤ «ከሰላምታ ጋር» ከነፊርማው ብቻውን ሁለተኛው ገጽ ላይ ይቀራል። ብዙ ሰው ይሄን ሲያይ ይደነግጥና ክፍት መስመሮችን እየሰረዘ ወደ ላይ ይስበዋል። ከዚያ ቢሮ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ፊርማው ጽሑፉ ላይ ተጣብቆ ይገኛል።

የምትልኩት የወርዱን ፋይል ከሆነ መልእክቱን ብቻ አርሙ፣ ቅርጹን ተዉት። ፒዲኤፍ አድርጋችሁ የምትልኩ ከሆነ ግን ስልካችሁ ላይ የምታዩት ነው የሚሄደው፤ ስለዚህ አስተካክሉት። ሁሉንም ምረጡና የፊደሉን መጠን ከ12 ወደ 11 አውርዱት፣ ብዙ ጊዜ ይበቃዋል። ቀንና ቁጥርን ወደ ቀኝ ለማስጠጋት ስፔስ አትደርድሩ፤ የቀኝ አሰላለፍ ምልክቷን ተጠቀሙ፣ አለበለዚያ ሌላ ስክሪን ላይ ቀኑ ተሰብሮ ወደ ታች ይወርዳል።

ይሄን ሁሉ ስትሠሩ ገጹ እንደ ወረቀት እየታያችሁ መሆን አለበት። ወርድ ላይ ስልክ የመሰለችው ምልክት ጽሑፉን ስክሪኑን እንዲሞላ ታሰፋዋለች፤ ለመጻፍ አሪፍ ናት፣ የገጹን ቅርጽ ግን አታሳይም። መልሳችሁ ስትነኳት ወረቀቱ ይመጣል። ጎግል ዶክስ ላይ ሦስቱን ነጥቦች ነክታችሁ «ፕሪንት ሌይአውት» የሚለውን አብሩ።

በፎቶ ወይም በስካን የመጣ ወረቀት ደግሞ ምስል ስለሆነ እንደ ጽሑፍ አይታረምም። አንድ ገጽ ከሆነ ቁጭ ብላችሁ እንደገና ጻፉት፤ ከሚያታግሉት መንገዶች ሁሉ ይሄ ይፈጥናል።

ለቀጣሪው ከመላካችሁ በፊት ፒዲኤፉን ቴሌግራም ላይ ለራሳችሁ፣ ሴቭድ መሴጅስ ውስጥ፣ ላኩት። እዚያው ክፈቱና መጀመሪያ ስልክ ቁጥራችሁን፣ ቀጥሎ የመጨረሻውን ገጽ እዩ።