የጾም ሰላጣ ሶስ ሲበላሽ፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

ሁዳዴ በገባ ቁጥር ለገጣፎና የካ አባዶ ያሉ ወዳጆቼ እየደወሉ የሚጠይቁኝ ስለ ሱፍ ሶስ ነው። አሠራሩን ታውቁታላችሁ። ሱፉ ይፈጫል፣ በሻሽ ይጠለላል፣ ሎሚ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ሰናፍጭ፣ በሶብላና የድንብላል ቅጠል ይገባበታል፣ ዘይቱ መጨረሻ ላይ ይንጠባጠብበታል። ስለዚህ በቀጥታ ወደ ብልሽቱ።

ተቋጠረ፣ ውሃው ለብቻው ቀረ

ከአሥር ጥሪ ዘጠኙ ይኼ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ሎሚው እንደገባ ደቃቅ ነጭ ፍርፋሪ ብቅ ይላል። ትንሽ ቆይቶ ፍርፋሪው ከላይ ይሰበሰባል፣ ከሥር ቢጫ ቢጤ ውሃ ይተኛል።

ሁሉም ሰው የሚወቅሰው ሎሚውን ነው። ሎሚው ምንም አላጠፋም። ጥፋቱ የሙቀት ነው። ሱፍ ውስጥ ያለው ፕሮቲን ሙቀትና ኮምጣጣ ነገር አንድ ላይ ሲያገኙት ይቋጠራል። አሬራ እሳት ላይ ተጥዶ አይብ እንደሚሆነው ማለት ነው። ሱፉ በደንብ ከቀዘቀዘ ግን ያው ሎሚ ሶሱን ወፈር ያደርገዋል፤ እኛ የምንፈልገውም ይኼንኑ ነው።

ባለፈው ሁዳዴ አንዲት ወዳጄ ለማኅበር ብዙ ሶስ ስታዘጋጅ መብራት ሊሄድ ነው ብላ ቸኮለች። ሱፉን ከምድጃ አውርዳ በትኩሱ ፈጨችው፣ ወዲያው ሎሚ ጨመረችበት። ተቋጠረ። ሎሚው አሮጌ መስሏት ሌላ አስገዛችና ደገመችው። ባሰበት። ስደርስ ጆጎው ገና ትኩስ ነበር። እንግዶች በር ላይ ናቸው፣ እሷ ደግሞ ሦስተኛውን ሎሚ እየጨመቀች ነው።

ሱፉ ቀዝቃዛ ሆኖም የሚቋጠርበት ጊዜ አለ። የጎረቤቴ ልጅ «በቀዝቃዛ ውሃ ነው የፈጨሁት» ብሎ ድርቅ አለ። እውነቱን ነው። ግን የብሌንደሩ ምላጭ ዱልዱም ነው፣ ሰዓቱ ደግሞ ምሽት ነው። እኛ ሰፈር ማታ ማታ የመብራቱ ኃይል ስለሚያንስ ብሌንደሩ እያቃሰተ ነው የሚዞረው። ሱፉ አልልም ሲለው ሳያቋርጥ አዞረው፣ በመጨረሻ ጆጎው በእጅ ሲነካ ይሞቃል። በርካሽ ብሌንደር የምትሠሩ ከሆነ 30 ሰከንድ ፈጭታችሁ አሳርፉት፣ ከዚያ ድገሙት። ቢቻል ጠዋት ፍጩ። ምላጩ ከደነዘ ደግሞ ቀይሩት፤ በዱልዱም ምላጭ ጥሩ ሶስ አይወጣም።

ከሎሚ በፊት ጠብታ ሱፍ የእጃችሁ አንጓ ላይ አድርጉ። ትንሽም ሙቀት ከተሰማችሁ ጠብቁ። ጆጎውን ቀዝቃዛ ውሃ ያለበት ሳፋ ውስጥ ማስቀመጥ ያፈጥነዋል።

ከተቋጠረ በኋላም አትድፉት። ፍርፋሪውን በሻሽ አጥልሉት፣ ውሃውን ለብቻው አስቀምጡ፣ ሁለቱም ይብረዱ። ንጹሕ ብሌንደር ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ ሰናፍጭና አንድ የሾርባ ማንኪያ ቀዝቃዛ ውሃ አድርጉ። ፍርፋሪውን በማንኪያ በማንኪያ እየጨመራችሁ እስኪልም ፍጩ። ከዚያ ዘይቱን ጠብ ጠብ አድርጉ። ሰናፍጩ ዘይቱንና ውሃውን አያይዞ ያቆያቸዋል። ከወፈረባችሁ ያስቀመጣችሁትን ውሃ በጥቂቱ መልሱበት። የወዳጄ ሶስ የዳነው እንዲህ ነው፤ ማኅበርተኞቹም ጨርሰው በሉት።

ማስጠንቀቂያ፦ ትኩስ ሱፍ በተከደነ ብሌንደር አትፍጩ። እንፋሎቱ ክዳኑን ያስፈነጥረዋል። አንገቷ ሥር የተቃጠለች ሴት አውቃለሁ። ልጅ አጠገባችሁ ካለ ደግሞ ጭራሽ አታስቡት።

ሰላጣው ላይ ሲፈስ ውሃ ሆነ

ሶሱ ደኅና ነው፤ ችግሩ ቅጠሉ ነው። ሰላጣ በደንብ መታጠብ አለበት፣ በተለይ በአቃቂ ወንዝ መስኖ የሚለማ አትክልት ስለሚኖር። በአቼቶ ዘፍዝፉት፣ በንጹሕ ውሃ አለቅልቁት። ታዲያ ከዚያ በኋላ እየተንጠባጠበ ሳህን ላይ ይደረጋል? በንጹሕ ፎጣ ጠቅልላችሁ አራግፉት፣ ቅጠሉ በእጅ ሲዳሰስ ይድረቅ። ቲማቲሙንም ፍሬውን አውጡለት። ጨው መጨረሻ ላይ ነው፤ ቀድሞ ከገባ ከቅጠሉ ውሃ ያወጣል።

መረረ

መጀመሪያ የሱፍ ዱቄቱን አሽትቱ። በግልጽ ፌስታል ፀሐይ ላይ ውሎ የሚሸጠው ዱቄት ዘይቱ ይበላሽና የቆየ ሽታ ያመጣል። ይኼ መድኃኒት የለውም። ስኳርም ማርም አያድነውም። እንዲህ ያለውን ዱቄት በሰው ሆድ ላይ መሸጥ ያሳዝነኛል። ፍሬውን ገዝታችሁ ቤት ፍጩ።

ዱቄቱ ደኅና ከሆነ የወይራ ዘይቱን ተጠራጠሩ። ጥሩው የወይራ ዘይት በብሌንደር ብዙ ከተመታ ይመራል፤ በማንኪያ እያማሰላችሁ ጨምሩት። ጤና አዳም ከገባ አንዲት ዘለላ ትበቃለች። ነፍሰ ጡር የምትበላው ከሆነ ጭራሽ አይግባ።

አረንጓዴው ጠቆረ

የበሶብላውንና የድንብላሉን ቅጠል የፈላ ውሃ ውስጥ ለ10 ሰከንድ ነከር አድርጋችሁ ወዲያው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ክተቱት፣ ጨምቁት፣ መጨረሻ ላይ ፍጩት። ሎሚ ውስጥ ያደረ ቅጠል ግን ምንም ብታደርጉት ይደበዝዛል፤ ለማታ የሚሆነውን ማታ ሥሩ።

የሰሊጡ ሶስ ደረቀ

በሱፍ ፈንታ የተፈጨ ሰሊጥ የምትጠቀሙ ከሆነ ትንሽ ውሃ ወይም ሎሚ ሲነካው ጥጥር ይላል። ዘይት አትጨምሩ። ቀዝቃዛ ውሃ በማንኪያ ጨምሩ፣ እያማሰላችሁ ቀጥሉ፤ ተመልሶ ይላላል፣ ነጭም ይሆናል።

ሻከረ

ሻሹ ሳስቷል፤ እጥፍ አድርጉት። በሽንብራ ከሆነ ደግሞ በደንብ አልበሰለም። አዲስ አበባና ዙሪያዋ ከፍታ ላይ ስለሆኑ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ሽንብራ ጊዜ ይፈልጋል።

አረፋ ያዘ፣ ሲከፈት ጠሽ አለ

ድፉት፣ አትቅመሱት። ነጭ ሽንኩርት ያለበት ዘይታማ ሶስ ውጭ አያድርም፤ ፍሪጅ ውስጥም ከሦስት ቀን አይለፍ። መብራት ጠፍቶ ፍሪጁ ከሞቀ ቀኑን አትቁጠሩ፣ በዚያው ቀን ይደፋ።